ሽታን ማጥፋትና ሽታን መሸፈን፤ ስለ አንድ የክፍል ውስጥ የኬሚስትሪ ሙከራ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

የሳይንስ ትምህርት ከተማሪው የዕለት ኑሮ ጋር መያያዝ እንዳለበት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲነገር ቆይቷል። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ችግር ፈቺ የሆነ ዜጋ ማፍራትን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ አስቀምጧል። ሆኖም «ከኑሮ ጋር የተያያዘ» የሚለው ሐረግ ራሱ በጥንቃቄ ካልተመረመረ፥ ኑሮው ወደ ክፍል ገብቶ ሳይንሱ በሩ ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የልብስ ሽታ ማስወገጃዎች እንዴት እንደሚሠሩ ለማሳየት የሚካሄደው ሙከራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሙከራው በተለመደው መልኩ ሲቀርብ ምን እንደሚያስተምርና ምን እንደሚያጓድል መመርመር፥ ቀጥሎም እንደ ሳንጃ ባለ ከተማ በሚገኝ ትምህርት ቤት በምን ዓይነት አኳኋን ሊሠራ እንደሚችል ማመልከት ነው።

ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አካባቢው ሞቃታማ፥ ሰሊጥ፥ ማሽላና ጥጥ የሚበቅልበት ነው። ልብስ በላብ የሚርስበት፥ የሚታጠብበትም ውሃ በቀላሉ የማይገኝበት ወቅት ብዙ ነው። ስለዚህ የልብስ ሽታ ጉዳይ ለሳንጃ ተማሪ ከማስታወቂያ የመጣ ሳይሆን በየዕለቱ የሚያውቀው ነገር ነው። ሙከራው ዋጋ የሚኖረውም ተማሪው የሚያውቀውን ይህን ነገር ከሥሩ እንዲረዳው ሲያደርግ ብቻ ነው።

ሙከራው በተለመደው መልኩ

በልዩ ልዩ አገሮች መምህራን ዘንድ የታወቀው የሙከራው ቅርጽ ቀላል ነው። ቁራጭ ጨርቅ በአቼቶ ወይም በሽንኩርት ጭማቂ ይነከራል፤ ሶዳ ይነሰነስበታል ወይም ከሱቅ የተገዛ ማስወገጃ ይረጭበታል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተማሪዎች እንዲያሸቱት ይደረጋል። «ሽታው ጠፋ» ይባላል፤ ይህም በደብተር ላይ ይጻፋል፤ ትምህርቱም በዚሁ ያበቃል።

ይህ አቀራረብ ሦስት ዐበይት ጉድለቶች አሉበት። አንደኛ፥ «ጠፋ» የሚለው ቃል እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ድርጊቶችን በአንድ ስም ይጠራል። ሁለተኛ፥ ብቸኛው መለኪያ የሆነው አፍንጫ በቀላሉ የሚሳሳት መሆኑ ከቁጥር አይገባም። ሦስተኛ፥ ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ በመሆኑ የተገኘው ውጤት ከሶዳው የመጣ ይሁን ወይስ ከጊዜውና ከአየሩ ለመለየት አያስችልም። እነዚህን ጉድለቶች በተራ በተራ ማየት ይገባል።

አንድ ቃል፥ አምስት ድርጊቶች

ሽታ ማለት ከአንድ ነገር ተንኖ በአየር አማካይነት ወደ አፍንጫ የሚደርስ ሞለኪዩል የሚቀሰቅሰው ስሜት ነው። የማይተን ነገር አይሸትም። ከዚህ መሠረታዊ ሐሳብ ከተነሣን ሽታ «ጠፋ» የሚባልበት መንገድ ቢያንስ አምስት ነው።

የመጀመሪያው መሸፈን ነው። ዕጣን ሲጤስ ወይም ሽቶ ሲረጭ የቀደመው ሞለኪዩል እዚያው በነበረበት ይቀራል፤ አፍንጫን የሚይዘው ግን ከርሱ የበረታው መዓዛ ነው። ሁለተኛው አጥቦ ማስወገድ ነው። ሳሙናም ሆነ እንዶድ ቅባትንና ቆሻሻን ከጨርቁ አላቆ ከውሃው ጋር ያስወጣዋል። ሦስተኛው አሲድን በቤዝ፥ ቤዝንም በአሲድ ገለልተኛ ማድረግ ነው። አራተኛው መያዝ ነው፤ ሞለኪዩሉ ሳይለወጥ በሌላ ነገር ገጽ ላይ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ታስሮ እንዳይተን ይደረጋል። አምስተኛው እንደ በረኪና ባሉ ኦክሲጅን ሰጪ ነገሮች አማካይነት ሞለኪዩሉን ራሱን መለወጥ ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። የቅቤ ሽታ ያለበትን ነጠላ እንውሰድ። ቅቤ ሲቆይ በውስጡ ያለው ቅባት በከፊል እየተሰበረ አራት የካርቦን አቶሞች ያሉትን ቡቲሪክ አሲድ ይለቃል፤ የከረረ ቅቤ የሚሸተውም በዋነኛነት ከዚህ አሲድ የተነሣ ነው። ጨርቁ ላይ የሶዳ ውሃ ቢፈስስበት አሲዱ ሶዲየም ቡቲሬት ወደሚባል ጨው ይለወጣል። ጨው ስለማይተን ሽታው ይቀንሳል። ነገር ግን ያልተሰበረው ቅባት ከድሩና ከማጉ ውስጥ አልወጣም፤ ቀን ሲቆጠር እርሱም እየተሰበረ አዲስ አሲድ ይሰጣል፤ ሽታውም ተመልሶ ይመጣል። ቅባቱን ለማውጣት ሳሙና ወይም እንዶድ ያስፈልጋል። «ሶዳ ሽታን ያጠፋል» ብሎ የተማረ ልጅ ሽታው ሲመለስ ሳይንሱ የዋሸው ሊመስለው ይችላል። ድርጊቱን በስሙ የተማረ ልጅ ግን ለምን እንደ ተመለሰ ራሱ ያስረዳል።

የላብ ሽታም እንዲሁ ነው። ከብብት የሚወጣው ላብ እንደ ወጣ እምብዛም አይሸትም። በቆዳና በልብስ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በውስጡ ያሉትን ነገሮች ሲሰባብሩ ነው የሚሸቱ አሲዶችና ሌሎች ውሁዶች የሚፈጠሩት። ስለዚህ እናቶች ልብስን በፀሐይ የሚያሰጡት ለማድረቅ ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱና ብርሃኑ ባክቴሪያውን ያዳክማል፥ የሚተነውንም ያስወጣል። ከጥጥ የተሠራ ጋቢና ፖሊስተር የተቀላቀለበት የደንብ ልብስ በላብ ሽታ አያያዝ እንደሚለያዩ፥ ፖሊስተሩም ቅባትነት ያላቸውን ሽታዎች አጥብቆ እንደሚይዝ በጥናት ተረጋግጧል። ይህ ሁሉ ሳንጃ ውስጥ ያለ ምንም መሣሪያ ሊታይ የሚችል ኬሚስትሪ ነው።

ከሱቅ የሚመጣው ማስወገጃና ያዘለው ቁም ነገር

በውጭ አገር ገበያ በስፋት ከሚሸጡት የልብስ ሽታ ማስወገጃዎች አንዱ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው ኩባንያ በ1998 (እ.ኤ.አ.) በመላው አሜሪካ ያሠራጨው ፌብሪዝ ነው። በውስጡ ካሉት ዋና ነገሮች መካከል ሳይክሎዴክስትሪን የሚባለው ይገኛል። ይህ ውሁድ ከስታርች የሚገኝ ሲሆን፥ ሰባት የግሉኮስ ክፍሎች ተያይዘው የሠሩት እንደ ቀለበት ያለ ቅርጽ አለው። የቀለበቱ ውጭ ውሃን ይወዳል፤ ውስጡ ግን ቅባትነት ያላቸውን ሞለኪዩሎች ይቀበላል። የሚሸተው ሞለኪዩል በተረጨው ውሃ ሟሙቶ ወደ ቀለበቱ ውስጥ ይገባል፤ ውሃው ሲደርቅም እዚያው ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ ሽታው አልተደመሰሰም፤ ተያዘ እንጂ።

የዚህ ምርት የገበያ ታሪክ ራሱ ለክፍል የሚሆን ትምህርት አለው። መጀመሪያ ሽታ ማስወገጃ ነው ተብሎ ሲቀርብ የተጠበቀውን ያህል አልተሸጠም፤ ምክንያቱም መጥፎ ሽታ ባለበት ቤት የሚኖር ሰው ሽታውን ስለ ለመደው አይሰማውም። ኩባንያው ሽቶ አብዝቶበት ከጽዳት በኋላ የሚረጭ ጥሩ መዓዛ አድርጎ ሲያቀርበው ግን ገበያው ተከፈተ። በሌላ አነጋገር፥ በእውነት የሚይዘው ኬሚካል እንኳ ሊሸጥ የቻለው ከሚሸፍነው ጋር ተጣምሮ ነው። ተማሪው አንዱን ከሌላው እንዲለይ ካልተደረገ ክፍሉ የማስታወቂያ ተቀጥላ ሆኖ ይቀራል።

ሳይክሎዴክስትሪን በሳንጃ ሱቅ ካልተገኘ ትምህርቱ አይቻልም ማለት ግን አይደለም። የድንች ቅቅል ውሃ ቀዝቅዞ ጥቂት የቁስል አዮዲን ቢንጠባጠብበት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ይህ የሚሆነው በስታርቹ ውስጥ ያለው አሚሎስ እንደ ጠመዝማዛ ምንጭ ተጠቅልሎ አዮዲኑን በውስጡ ስለሚይዘው ነው። ውሃው ሲሞቅ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። መያዝ ማለት ምን እንደ ሆነ፥ መያዝም ከመለወጥ በምን እንደሚለይ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል። የስታርችና የአዮዲን ሙከራ ብዙውን ጊዜ ለምግብ ምርመራ ብቻ ሲውል ይታያል፤ ከሽታ ማስወገጃ ጋር ማያያዝ ግን አዲስ ወጪ አይጠይቅም።

ዳኛው አፍንጫ

አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል። አንድን ሽታ ለጥቂት ደቂቃ ያሸተተ ሰው ሽታው ሳይቀንስ የቀነሰ ይመስለዋል። ስለዚህ «ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጠፋ» የሚለው ውጤት የሶዳው ሥራ ሳይሆን የአሽታቹ መልመድ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ መምህሩ የሚጠብቀውን መልስ ተማሪው አስቀድሞ ስለሚያውቅ አፍንጫው ወደዚያው ያደላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ብልቃጦቹ በቁጥር ብቻ ይሰየማሉ፤ ጨርቁን ያዘጋጀው ቡድንና የሚያሸተው ቡድን ይለያያሉ፤ አሽታቹ በየመካከሉ ወደ ውጭ ወጥቶ ንጹሕ አየር ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ በወረቀት ላይ ለብቻው ጽፎ ያስረክባል። የክፍሉ ነጥብ ተደምሮ አማካዩ ሲወጣ የሂሳብ ትምህርትም አብሮ ይሠራል።

በሳንጃ ሊሠራ የሚችል ሙከራ

አምስት ክዳን ያላቸው ብልቃጦችና እኩል የተቆረጡ የአቡጀዲ ቁራጮች ይዘጋጃሉ። በእያንዳንዱ ጨርቅ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ፥ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ያህል አቼቶ ይደረጋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፥ 5 ግራም ያህል፥ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሟሟል። የመጀመሪያው ብልቃጥ ምንም ሳይጨመርበት ይቀመጣል። በሁለተኛው ሁለት የሻይ ማንኪያ የሶዳው ውሃ ይገባል። በሦስተኛው በዚያው መጠን ንጹሕ ውሃ ብቻ ይጨመራል፤ ውሃ ብቻውን አሲዱን ሊያሟሟና ሽታውን ሊቀንስ ስለሚችል ይህ ማነጻጸሪያ ፈጽሞ ሊታለፍ አይገባም። በአራተኛው የተወቀጠ ከሰል በስስ ጨርቅ ተቋጥሮ ይንጠለጠላል። በአምስተኛው ጥቂት ሽቶ ይንጠባጠባል።

ስሌቱም ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል የሚመጥን ነው። አቼቶው ከመቶ አምስት እጅ አሲድ ከሆነ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0.25 ግራም ያህል አሴቲክ አሲድ አለ። 60 ግራም አሴቲክ አሲድ 84 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ስለሚፈልግ የሚያስፈልገው ሶዳ 0.35 ግራም ነው። የተጨመረው 0.5 ግራም ስለሆነ በቂ ነው። ሚዛን የሌለው ትምህርት ቤት እንኳ በማንኪያና በውሃ መለኪያ ይህን ያህል ሊጠጋ መቻሉ ልብ ሊባል ይገባል።

የሙከራው ዋና ክፍል ግን የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሁለተኛው ብልቃጥ ሽታው ሲቀንስ፥ አረፋው እስኪቆም ድረስና ከዚያም ጥቂት ተጨምሮ የሎሚ ጭማቂ ይፈስስበታል። የአቼቶው ሽታ ይመለሳል። ሎሚ ራሱ መዓዛ ስላለው፥ አቼቶ ያልነካውና በሶዳ ብቻ የራሰ ሌላ ጨርቅ በሎሚ ተደርጎ ከርሱ ጋር መነጻጸር አለበት። የሽታው መመለስ አሲዱ አለመደምሰሱን፥ ጨው ሆኖ ተኝቶ መቆየቱን በማያጠራጥር መንገድ ያሳያል። «ጠፋ» ተብሎ የተዘጋው ደብተር በዚህ ጊዜ እንደገና ይከፈታል።

ከሰሉ ያለበት ብልቃጥ ምናልባት ደካማ ውጤት ይሰጥ ይሆናል። ለማድቤት የሚውለው ከሰል በፋብሪካ እንደሚዘጋጀው ገቢር ከሰል ሰፊ ገጽ የለውም። ይህ ሲሆን መምህሩ ብልቃጡን ደብቆ «አልሠራም» ማለት የለበትም። ለምን እንደ ደከመ መጠየቅ፥ ከሰሉን ይበልጥ አድቅቆ እንደገና መሞከር ራሱ ሳይንስ ነው። የጠቋሚ ወረቀት ባይኖር፥ ወደ ሱዳን ድንበር በሚያመሩት አካባቢዎች የታወቀው ከርከዴ በአሲድ ቀይ፥ በቤዝ ደግሞ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚያዘነብል ስለሆነ ሊተካው ይችላል።

እንዶድና የሳንጃ ወንዝ

ከአገር ውስጥ ዕውቀት መካከል ለዚህ ትምህርት ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው እንዶድ ነው። ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ በውሃ ሲመታ አረፋ ያወጣል፤ ነጭ ልብስም ሲታጠብበት ኖሯል። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለው ውሁድ ሲሆን፥ ሞለኪዩሉ አንድ ወገኑ ውሃን አንድ ወገኑ ቅባትን የሚወድ በመሆኑ እንደ ሳሙና ይሠራል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፥ የብልሃርዝያ ተሸካሚ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥፋት እንደሚያገለግል ያረጋገጡት ከዚህ ተራ ከሚመስል የልብስ አጠባ ተነሥተው ነው። ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 (እ.ኤ.አ.) የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል።

ይህ ታሪክ ለሳንጃ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የታተሙ ጥናቶች በሳንጃ ከተማና አካባቢዋ በሚማሩ ልጆች ላይ የአንጀት ብልሃርዝያ እጅግ ተስፋፍቶ እንደ ነበረ አሳይተዋል። በወንዝ መዋኘትና ልብስ ማጠብ ለበሽታው የሚያጋልጡ ተግባሮች ናቸው። ስለሆነም ስለ ልብስ ሽታ የሚሰጠው ትምህርት በአንድ በኩል ኬሚስትሪን፥ በሌላ በኩል የጤና ትምህርትን የሚያገናኝ በር ሊሆን ሲችል፥ የተለመደው ሙከራ ይህን በር ሳያንኳኳው ያልፋል። ለሙከራ የተዘጋጀ የእንዶድ ውሃ ግን ዓሣን የሚገድልና ዓይንን የሚያቃጥል በመሆኑ ወደ ወንዝ መደፋት የለበትም።

የወተት ዕቃን በወይራ ማጠንም እንዲሁ ሊመረመር ይገባዋል። ጢሱ መዓዛ በመስጠት ይሸፍናል፤ በውስጡ ያሉት የፌኖል ውሁዶች ደግሞ ባክቴሪያን ያዳክማሉ። ስለዚህ አንዱ ልማድ ሁለት ድርጊቶችን አጣምሮ ይዟል። የአገር ልማድ ነውና ይወደስ፥ ወይም ኋላቀር ነውና ይናቅ ከማለት ይልቅ የትኛው ድርጊት የቱን እንደሚሠራ መለየት ነው የሚጠቅመው።

ደኅንነትና የተማሪው ክብር

ሁለት ነገሮች በጥብቅ መታወስ አለባቸው። የመጀመሪያው በረኪና ነው። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የያዘ ነው። ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲገናኝ መርዛማውን የክሎሪን ጋዝ ይሰጣል፤ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝም ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የቆየ ሽንትም አሞኒያ አለው። «ሁለት ማስወገጃ ከአንድ ይበልጣል» ብሎ የሚያስብ ልጅ በቤቱ እነዚህን ቢደባልቅ ራሱንና ታናናሾቹን ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ከላይ በተገለጸው ሙከራ ውስጥ በረኪና ሊገባ አይገባም፤ አደጋው ግን በቃል በግልጽ መነገር አለበት። ማሽተትም ቢሆን አፍንጫን በብልቃጡ አፍ ላይ ደፍቶ ሳይሆን በእጅ አየሩን ወደ ራስ በማራገብ መሆን ይኖርበታል።

ሁለተኛው ክብር ነው። አንዳንድ ጊዜ ትምህርቱን «ሕያው» ለማድረግ ሲባል ተማሪዎች የለበሱትን ልብስ ወይም ካልሲ እንዲያመጡ ይጠየቃል። አንድ የደንብ ልብስ ብቻ ያለው፥ ውሃ ከሩቅ የሚቀዳ ልጅ በጓደኞቹ ፊት ሲሸተት የሚማረው ኬሚስትሪን ሳይሆን ኀፍረትን ነው። በሚቀጥለው ቀን ከትምህርት ቢቀር ምክንያቱ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይጻፍም። ንጹሕ አቡጀዲና አቼቶ ይህን ሁሉ ሊያስቀሩ እየቻሉ የልጅን ልብስ ለሙከራ ማቅረብ ፈጽሞ አያስፈልግም።

ለፕላን አውጪዎች የሚሆን አስተያየት

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት፥ ብዙዎች «ፕላዝማ» ብለው የሚያስታውሱት፥ ሙከራን ጥራት ባለው ሥዕል ማሳየቱ አይካድም። ይሁን እንጂ በቀጥታ ሲሠራጭ በነበረበት ጊዜ መምህሩ ሊያቆመው፥ ተማሪውም ሊጠይቀው የማይችል ነበር። ሽታ ደግሞ በመስኮት አያልፍም። ይህ ገጠመኝ የሚያስተምረው፥ ሙከራ የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚሠራ፥ የሚሳሳትና የሚደገም መሆን እንዳለበት ነው። በ2001 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ሰባ በመቶው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲሆን ሲወሰንም፥ ውሳኔው ፍሬ የሚያፈራው ከታች ያለው ልጅ አንድ ብልቃጥ በእጁ የነካ እንደ ሆነ ነው።

የቋንቋውም ነገር ሊታለፍ አይገባም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፥ በገጽ ላይ መያዝንና ወደ ውስጥ መምጠጥን የሚለዩት ሁለት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው የእንግሊዝኛ ቃላት በተማሪው ዘንድ አንድ ሆነው ይቀራሉ። ከቃሉ በፊት ድርጊቱ በሚያውቀው ቋንቋ ቢገለጥለት፥ ለምሳሌ አቧራ በግድግዳ ላይ እንደሚለጠፍና ውሃ በእንጀራ ውስጥ እንደሚሰርግ ቢነገረው፥ የውጭውን ቃል በኋላ ለመያዝ አይቸገርም።

ማጠቃለያ

የልብስ ሽታ ሙከራ ርካሽ፥ አጭርና ለተማሪው ቅርብ ስለሆነ ሊጠላ አይገባውም። ጉድለቱ በሙከራው ሳይሆን ቶሎ «ጠፋ» ብሎ በሚደመድመው አቀራረብ ነው። ማነጻጸሪያ ቢጨመርለት፥ አፍንጫው ቢፈተሽ፥ ሎሚው ሽታውን ቢመልሰውና አምስቱ ድርጊቶች በየስማቸው ቢጠሩ፥ ያው አቼቶና ያው ሶዳ ሌላ ትምህርት ይሰጣሉ። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንደ ተባለ፥ ተማሪው ከክፍል ሲወጣ ይዞት የሚወጣው ጥያቄ «ሽታው ወዴት ሄደ?» የሚል ሊሆን ይገባል። ይህን የሚጠይቅ ልጅ ነገ በሳንጃ ወንዝ ዳር ልብስ ሲታጠብ ሲያይ ማንም ያላየውን ነገር ሊያይ ይችላል።